ተዝካሩን ያወጣንለት መርከበኛ፦ ከሸዋ ሮቢት ጅቡቲ ደርሶ መልስ

ከጅቡቲ ከተመለስኩ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ ስለ ባሕሩ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። አንዱ ውሃው እውነት ጨው ነው ወይ ይላል፤ ሌላው መርከብ ስንት ፎቅ አለው ይላል። ለሁሉም ደጋግሜ ከማወራ አንድ ጊዜ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። አብዛኞቻችሁ እዚያ አትሄዱም። ያየሁትን እንደ ቅደም ተከተሉ አስቀምጣለሁ፤ ያላየሁትን አልጨምርም።

የሄድኩበትን ምክንያት የማያውቅ ካለ ልንገረው። ታናሽ ወንድሜ ታደሰ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። መንግሥት የተለወጠ ጊዜ መርከቦቹ ተበታተኑ፤ እሱም የገባበት ጠፋ። አብሮት የነበረ አንድ ሰው «ያለባት ጀልባ ስትሰምጥ አይቻለሁ» ብሎ መጣ። ዓመት ጠበቅን። ከዚያ አስከሬን ስለሌለ ፎቶግራፉን አስቀምጠን አለቀስን። ተዝካሩንም አወጣሁ። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ የአገራችን ጭነት ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ ሰይድ የሚባል የአጣዬ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ «እትዬ አስካለ፣ ወንድምዎን በዓይኔ አየሁት፤ ወላሂ፣ ሻይ ጋበዘኝ» አለኝ። የስልክ ቁጥሩንም አመጣልኝ። ደወልኩ። ታደሰ ነበር፤ ከሰመጠችው ጀልባ ተርፎ ጅቡቲ ቀርቶ ኖሯል።

ወደ አገርህ ና ስለው ሳቀ። «ተዝካሬ ተበልቶ የለም እንዴ? የሞተ ሰው ምን ሊሠራ ይመጣል?» አለ። በየበዓሉ እንደዋወላለን፤ በየበዓሉ ይህንኑ ይላል። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ የደወልኩ ጊዜ ሌላ ነገር ጨመረበት። አውሮፓውያን በጥንት ጊዜ ዓለምን ከዞሩባቸው መርከቦች የአንዷን አምሳያ በእንጨት ሠርተው፣ በሸራ ብቻ እንደነሱ ዓለምን ሊዞሩ ወጥተዋል። ጅቡቲ ቆመው ሸራቸውን እየጠገኑ ነው። ቀይ ባሕርን የሚያውቅ ሰው ስለፈለጉ ታደሰን እንሂድ ብለውታል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚያርፍ እሱም አያውቅም። «ቅዳሜ ሳምንት ነው የምንነሣው» አለኝ። ከእናቴ ልጆች የቀረኝ እሱ ነው። ልጅ አልወለድኩም። ቀባሪ ሳይኖረኝ መሞት አልፈልግም። ፓስፖርቴ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር አዲስ አበባ ሄጄ የመግቢያ ፈቃድ አገኘሁና ሰይድን አስጠራሁት።

ሐሙስ ማለዳ በባጃጅ ከተማው ጫፍ ድረስ ሄድኩ። የሰይድ መኪና ከነተሳቢው ከቀወት ገበሬዎች የተሰበሰበ ማሾ ጭኖ ቆሟል። ማሾ እኛ ጋ ይዘራል እንጂ ከኛ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የማላውቀው ሕዝብ ይበላዋል። ጎረቤቴ ዘሃራ ልትሸኘኝ መጥታ ነበር። እሷና እኔ አጥር የምንጋራ፣ በአንድ ዘመን የተዳርን ሴቶች ነን። ታደሰ ስለ ተዝካሩ በስልክ ያለውን ሰምታ ነበር፤ አልረሳችም።

«ተዝካሩን እኔም በልቻለሁ በይው» አለችኝ። «ዘሃራ ዕዳ አለባት፣ ሳትከፍልህ እንዳትሞት ቶሎ ና በይው።»

«ራስሽ ደውለሽ ንገሪው።»

«በስልክ የሚነገር ነው እንዴ ይሄ!»

ጋቢናው ከፍ ያለ ነው። ሰይድ ከታች ሆኖ እየገፋ፣ «እትዬ፣ ይህችን ከወጡ ራስ ዳሸን ምን አላት!» አለ። እግሬን እንዳስገባሁ መኪናው ተነሣ። ሰንበቴን፣ አጣዬን፣ ካራቆሬን አለፍን። ማሽላው እሸት ይዞ ስለነበር ወፍ ጠባቂዎቹ ማማ ላይ ሆነው ወንጭፍ ያጮሃሉ። ከሚሴ ምሳ በላን። ሰይድ ከባለቤቱ ጋር በኦሮምኛ ሲጫወት እኔን በአገጩ ያሳያል፤ ሴትዮዋ ቀና ብላ አይታኝ ወጡን ጨመረችልኝ። ምን እንዳላት ስጠይቀው፣ «የሞተ ወንድሟን ልታመጣ ነው አልኳት» አለኝ። ኮምቦልቻ አደርን። ብርድ ልብስ ሰጡኝ፤ እኛ ቆላ አገር ብርድ ልብስ ለእንግዳ መስጠት እንደ ስድብ ነው።

አርብ ወደ ባቲ ወረድን። ሰይድ መስጊድ አጠገብ አቁሞ ለጁምዓ ሶላት ገባ፤ እኔ ጋቢና ውስጥ ጠበቅሁት። እግሬ አብጦ ስለነበር የጎማ ጫማዬን አውልቄ አጠገቤ ካለው የሞተር ክዳን ላይ አስቀመጥኩ። መንገድ ከጀመርን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ወደ ሚሌ ስንጠጋ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። አንደኛው ጫማ ቀልጦ ክዳኑ ላይ ተጣብቋል። ሰይድ በቢላ ሲፍቀው፣ «እትዬ፣ ይሄ ጫማ ከዛሬ ጀምሮ የመኪናው ነው» አለ። ቅያሪ አልያዝኩም ነበር።

ሎጊያ ደረስን። በሸዋ ሮቢት ሙቀት የሚኩራራ ሰው ሎጊያን ይይ። ቤት ውስጥ የሚተኛ የለም፤ የጠፍር አልጋ ደጅ ተዘርግቶ ነው የሚታደረው። ያሳደረችን የአፋር ሴት ትኩስ የግመል ወተት በእንስራ የሚያህል ዕቃ አቀረበችልኝ። አርብ ስለሆነ አልጠጣም አልኩ። ፊቷ ተለወጠ፤ የናቅኋት መሰላት። ሰይድ በምልክትም በቋንቋም ብዙ ደከመ። በመጨረሻ ገባትና ወተቱን አንሥታ ሄደች፤ ስትመለስ ጥቁር ሻይና ደረቅ ዳቦ ይዛለች፣ በሌላው እጇ ደግሞ የራሷን ጫማ። አንድ እግሬ ባዶ መሆኑን አይታ ኖሯል። ለእግሬ ግን ጠበበኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ በላይ የምንግባባበት ቃል አልነበረንም።

ቅዳሜ ጋላፊ ላይ ድንበሩን አለፍን። ከዚያ ወዲያ ያለው ምድር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እርሻ የለ፣ ዛፍ የለ። ቀወት ውስጥ ድንጋይ ለቅመን የምንጥልበት ቦታ ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ የፈሰሰ ይመስላል። ከቀትር በኋላ ሰይድ መሪውን እንደያዘ፣ «ያውልዎት» አለ። ባሕሩ ነበር። ትልቅነቱን አልጽፍም፤ መጻፍ አይቻልም። ውሃው ግን እውነት ጨው ነው፣ በማግስቱ በጣቴ ቀምሻለሁ።

ታደሰ ከወደቡ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ከስቷል። ሰይድ ደግፎ አወረደኝ። ወንድሜ ፊቴን ሳይሆን እግሬን አየ።

«እትዬ፣ ሌላው ጫማሽስ?»

ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ መጀመሪያ ያለኝ ይህንን ነው። የራሱን ሲሊፐር አውልቆ ሰጠኝ። ጉንጬን ሲስመኝ ባሕር ባሕር ይሸታል።

ሰይድ ማሾውን አራግፎ ማዳበሪያ እስኪጭን ከሳምንት በላይ ስለሚቆይ ታደሰ ቤት አረፍኩ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ሁሉም ነገር በገመድ ታስሯል፣ ማሰሮው ሳይቀር። «መርከብ ላይ ያልታሰረ ነገር የሰው ጭንቅላት ይመታል» አለኝ። ቤቱ አይወዛወዝም ስለው፣ «ልማድ ነው» አለ። እሑድ ሥራ ገባ፤ እዚያ አገር የሚታረፈው አርብ ነው። ሰኞና ማክሰኞም እንዲሁ። ማታ ማታ ስለ ሰፈሩ ሰው ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ። ስለ መምጣት ሳነሣ ተነሥቶ ገመዱን ያጠብቃል።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሥራው ቦታ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ደረስኩ። የፍየል ጥብስ ፊቱ ተቀምጦ ይበላል።

«ታደሰ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

እጁ መሀል ላይ ቆመ። «ማክሰኞ መስሎኝ!» አለ፤ ሳህኑንም ገፋ። «እሑድን እየሠሩ አርብን እየተኙ ቀን ይጠፋል፣ እትዬ። የመርከበኞቹ ዓይነት ነገር ሆነብኝ።»

የየትኞቹ መርከበኞች እንደሆነ አወቅሁ። እኔ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ስማር በጂኦግራፊ መጽሐፌ ውስጥ ታሪካቸው ነበር። ለዕረፍት ስመጣ ለታደሰ አነብለት ነበር፤ እሱም የፓፓያ ቅጠል ግንድ ቆርጦ፣ ነጠላ ቅዳጅ ሸራ አድርጎ ሮቢ ወንዝ ላይ ይለቀዋል። ባሕር አይቶ የማያውቅ የቆላ ልጅ ባሕር ኃይል የገባው በዚያ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። አምስት መርከቦች ከአውሮፓ ወጡ፤ የሚፈልጉት ቅመም ነው፣ እኛ በቁንጥር ገዝተን ሻይ ውስጥ የምንጥለው ቅርንፉድ። ውቅያኖሱ አላልቅ ብሏቸው ውሃቸው ሸተተ፤ የምሰሶውን ቆዳ በባሕር ውሃ ዘፍዝፈው በሉ። አዛዣቸው በሰው አገር ጠብ ገብቶ አንዲት ደሴት ላይ ተገደለ። ዓለምን ዞራ የገባች አንዲት መርከብ ናት፤ ውስጧም ጥቂት የተጎሳቆሉ ሰዎች።

መጽሐፌ እዚያ ላይ ይቆማል። ታደሰ ቀሪውን የተማረው ባሕር ኃይል ገብቶ ነው። ጥብሱ እየቀዘቀዘ ነገረኝ።

«አገራቸው ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ምግብ ፍለጋ አንድ ደሴት ላይ ቆሙ። በነሱ ቆጠራ ረቡዕ ነው። የደሴቱ ሰዎች ሐሙስ ነው አሏቸው። አልተሳሳትንም አሉ፤ በየቀኑ ይመዘግቡ ነበራ። ግን ፀሐይን እየተከተሉ ስለዞሩ፣ እያንዳንዱ ቀን ሳይታወቃቸው በጥቂቱ ረዘመ። ዙሩ ሲያልቅ አንድ ቀን ሙሉ ጎደለ።»

«እንግዲያ ጾሙንም በዓሉንም በሌላ ቀን ነው ያሳለፉት።»

«አርብን ሥጋ እየበሉ። ሲያውቁት በጣም ነው የደነገጡት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገቡ። ስለት ነበረባቸው። ከመርከቧ እንደወረዱ በባዶ እግራቸው ሻማ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።» ይህን ብሎ ሒሳቡን ከፈለ፤ ወጣን።

ሐሙስ መርከቧን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ስንት ፎቅ ነው ላላችሁኝ፣ ይህችኛዋ ፎቅ የላትም። ከሰይድ መኪና ከነተሳቢው ብትበልጥ ጥቂት ነው። በሬንጅ የተለቀለቀ እንጨት፣ ሦስት ምሰሶ፣ የትየለሌ ገመድ። ከታች ወገቤን አጉብጬ ነው የሄድኩት። ያኔ ብዙ ሰው ለዓመታት በእንዲህ ያለች ነገር ውስጥ ኖረ ሲሉኝ የኔን የጭቃ ቤት ሳሎን አሰብኩ።

ሸራ የምትሰፋ ማርታ የምትባል ሴት ነበረች፣ ዕድሜዋ ወደኔ የተጠጋ። መርፌዋ የማዳበሪያ ጆንያ መስፊያ ያህላል። የጥንቶቹ ይበሉት የነበረውን ዓይነት ዳቦ አወጣችልኝ፤ እንደ ሸክላ የጠነከረ ነው። እኔም ለታደሰ ካመጣሁት ድርቆሽ ይዤ ስለነበር በርበሬ ነስንሼ ሰጠኋት። በላች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እንደገና ዘረጋች። ከዚያ ስለኔ ጠየቀችው። ታደሰ በእንግሊዝኛ መለሰላትና ወደኔ ዞሮ፣ «ተዝካሬን ያወጣችልኝ እህቴ ናት አልኳት» አለ፣ እየሳቀ።

ሴትዮዋ ተዝካር ምን እንደሆነ አልገባትም። ረዘም አድርጎ አስረዳት። መርፌዋን አስቀመጠችና አንድ ነገር ጠየቀች። ታደሰ ወዲያው አልተረጎመም።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ማን ማን መጣ ትላለች።»

«አንተ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«አላውቅም» አለ። «ማን ማን መጣ?»

ነገርኩት። በሬ እንደታረደ፣ ድንኳኑ ስላልበቃ ሰው እስከ መንገዱ እንደተቀመጠ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ ፍየል እንዳሳረድን፣ በራሳቸው ሰው፤ ዘሃራ ሌሊቱን ከሴቶቿ ጋር ስትከትፍ እንዳደረች። ኳስ አብረውት የሚጫወቱት ልጆች ጎልማሶች ሆነው ውሃ እንደቀዱ። የድሮ አስተማሪው ቆመው፣ «ባሕር ያላየውን ልጅ ባሕር አስተማርነው» ብለው መጨረስ አቅቷቸው እንደተቀመጡ። ታደሰ መጀመሪያ ቃል በቃል ይተረጉምላት ነበር። መሀል ላይ መተርጎሙን አቆመ። ማርታም ተርጉምልኝ አላለችውም፤ ሸራዋን አንሥታ መስፋት ጀመረች።

«እኔ ቀልሏችሁ የበላችሁት ነበር የሚመስለኝ» አለ በኋላ።

«ማንም ቀልሎት አልበላም።»

«አሁን ብመጣ ምን ይሉኛል? ያ ሁሉ ልቅሶ፣ ያ ሁሉ ድግስ፣ በከንቱ…»

እኔ መለመን አልችልበትም። «እነዚያ መርከበኞች ያጎደሉትን ቀን ማን መለሰላቸው?» አልኩት።

«ማንም።»

«ምን አደረጉ?»

ትናንት የነገረኝን ነው የጠየቅሁት።

«ሻማቸውን ይዘው ገቡ» አለ።

«አንተም ሻማህን ይዘህ ና። እኔ ሰኞ እሄዳለሁ።»

ሌላ አልጨመርኩም። አርብ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ዋለ፤ ተኝቶ ይሁን ተጋድሞ አላየሁም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። የባሕር ልብሱ በገመድ ታስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ቅዳሜ ማለዳ ልብሱን ይዞ ሲወጣ አልከለከልኩትም፤ ተከትዬው ወደብ ሄድኩ። በራሱ ምትክ ለጉዞው ሌላ ሰው ፈልጎ ነበር፣ አንድ የታጁራ ዓሣ አጥማጅ። ልብሱን ለዚያ ሰው ሰጠው። ማርታ ከላይ እጇን አወዛወዘችልኝ። ሸራው ሲዘረጋ የሚሰማው ድምፅ ነጠላ ሲራገፍ የሚሰማው ዓይነት ነው፣ አንድ መቶ ነጠላ በአንድ ጊዜ። መርከቧ እስክትጠፋ ታደሰ ቆመ። እኔ ጥላ ስር ተቀምጬ ጠበቅሁት።

«የፓፓያዋ ግንድ ትዝ ትልሻለች?» አለኝ ሲመለስ።

«ሁልጊዜ ድልድዩ ስር ትቀረቀር ነበር።»

«አዎ» አለና ዕቃውን ሊያስር ሄደ።

ሰኞ ተነሣን። መመለሻው ፈጠነብኝ፤ መንገድ ሁልጊዜ ሲመለሱ ያጥራል። ሎጊያ ያቺ የአፋር ሴት ታደሰን አይታ፣ ሰይድን አንድ ነገር ጠይቃ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወተቱን ያን ጊዜ ጠጣሁላት። ኮምቦልቻ ላይ ታደሰ ከመኪናው ወርዶ ጧፍ ገዛ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አጣዬን ካለፍን በኋላ ማሽላውን ብቻ እያየ ሄደ።

ሸዋ ሮቢት የደረስነው ቀትር ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ መገንጠያ ላይ ሰይድን አስቆመው። ጫማውን አውልቆ ሰጠኝና ጧፉን አበራ፤ በፀሐዩ እሳቱ አይታይም ነበር። ሁለት እርምጃ ሄዶ መዝለል ጀመረ።

«እነዚያ መርከበኞች በዚህ አስፋልት ላይ አልሄዱም!» አለ።

«ዳሩን ሂድ፣ ሣር አለ» አልኩት።

ተሳልሞ እስኪወጣ ወሬው ሰፈር ደርሶ ኖሯል። ደጃችን ሰው ሞልቷል። ልቅሶ የጀመሩ ነበሩ፣ እልልታ የጀመሩም ነበሩ፤ የቱ እንደሚገባ የሚያውቅ አልነበረም። የዕድሩ ዳኛ ጋሼ መኩሪያ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ታደሰ፣ እህትህን እንዳትቀየማት እንጂ ተዝካርህ ላይ ጠላው ቀጥኖ ነበር» አሉት። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ከመጣ ጀምሮ በደንብ የሳቀው ያኔ ነው።

ዘሃራ በአጥሩ በኩል መጣች። በገመድ አንድ ወጠጤ ፍየል ትስባለች። ታደሰን ሳመችው፣ ገመዱንም እጁ ላይ አስያዘችው።

«የዚያን ጊዜ ለኛ ለብቻ አሳርዳችሁ አበላችሁን። እኔ አሳርጄ ባመጣልህ አትበላልኝም፤ ስለዚህ በእግሩ አመጣሁት። በእጃችሁ እረዱት። ዕዳዬ ወረደ።»

«እትዬ ዘሃራ…» አለ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። «ቢላ አምጡልኝ!»

«ታደሰ» አልኩት፣ «ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«ሐሙስ አይደለም እንዴ?»

«እኔ ሙስሊሟ እንኳን አውቃለሁ!» አለች ዘሃራ። «ለነገ ነው ያመጣሁት። ይህ ሰው ሞቶ ሳለ ቀን አልቆጠረም መሰለኝ!»

ፍየሉን ማንጎው ግንድ ላይ አሰረው፤ አስሮ እንደ መርከበኛ ሁለቴ ፈተሸው። ሽሮ ሠርቼ ለመጣው ሰው ሁሉ አቀረብኩ። ታደሰ ድሮ ይበላበት የነበረው ሳህን የቱ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አውጥቼ ሰጠሁት። ፍየሉ እየጮኸ ደጅ ነው። ሐሙስን ጠበቅን።